ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የምትሸጠው የብርቱካን ልጣጭ ጠብታ

ጎንደር ውስጥ ብርቱካን የሚጨምቅ ቤት ብዙ ነው። ልጣጩ ግን በማዳበሪያ ታጭቆ ይጣላል። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ጠባብ ሱቅ ያላት አንዲት ወጣት ይህን ልጣጭ ከየጭማቂ ቤቱ ትሰበስባለች። አድርቃ ትፈጨዋለች፣ በአልኮል ትዘፈዝፈዋለች፣ ከዚያ አጥልላ በቡናማ ብልቃጥ ትሸጠዋለች። የኬሚስትሪ መምህር ነኝና እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ይህን ጠብታ፣ እንዲሁም የምትሸጣቸውን የልጣጭ ዱቄትና የልጣጭ ሽሮፕ ገዝቼ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ጠብታውን ለማንም እመክራለሁ። ሽሮፑን ግን አልመክርም።

መጀመሪያ ስለ ልጣጩ። ውጪው ቀለም ያለው ክፍል ዘይት የቋጠረ ነው። ከዘይቱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሊሞኒን ይባላል፤ ሽታው ከሱ ነው። ብዙ ሰው መራራ ነው ብሎ የሚፍቀው ነጩ ክፍል ደግሞ ሄስፔሪዲን የሚባል ጠቃሚ ንጥረ ነገር አለበት። ሌብረቶን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1828 ለይቶ ያወጣው ከዚሁ ከነጩ ነው። ልጅቷ ነጩን አትፍቅም። ይህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ።

አጠባው ላይ ጥንቁቅ ናት። ከሩቅ የሚመጣ ብርቱካን ሰምና ፀረ ሻጋታ ኬሚካል ሊቀባ ስለሚችል፣ ፍሬው ሳይላጥ ለብ ባለ ውኃ በብሩሽ እንዲታጠብ ከጭማቂ ቤቶቹ ጋር ተስማምታለች። የምታደርቀው ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ነው። የምትፈጨው በሙቀጫ እንደተወቀጠ ቡና ሸካራ አድርጋ ነው። ለምን አታደቂውም አልኳት። «ጋሸ፣ ሲደቅማ ጨርቁን ይደፍነዋል፤ አልጠልልም ይላል» አለችኝ። ልክ ናት። ደቀቅ ያለ ልጣጭ ውስጡ ያለውን ቶሎ ይለቃል፣ ከልክ በላይ ሲደቅ ግን ማጥለሉ ጣጣ ነው።

ዋናው ጉዳይ መዘፍዘፊያው ነው። ሄስፔሪዲን በውኃ እምብዛም አይሟሟም። ንጹሕ አልኮል ብቻውንም ጥሩ አይደለም፣ የደረቀውን ልጣጭ አርሶ የሚያሳብጠው ውኃው ነውና። ከልጣጭ ጠቃሚውን ነገር አብልጦ የሚያወጣው የሁለቱ ድብልቅ ነው። እሷም የምትጠቀመው ድብልቅ ነው። ክዳኑን ገጥማ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ታቆየዋለች። አልኮሉ ለምግብ የሚሆን መሆኑን ጠይቄ ዕቃውን አሳይታኛለች። እናንተም የትም ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ለማቃጠያና ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠው አልኮል መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በአፍ አይወሰድም።

ሽሮፑ በውኃ ለረጅም ሰዓት ተንተክትኮ ስኳር የገባበት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ እዚህ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከባሕር ዳርቻ አገር ይህን ያህል ዝቅ ቢልም ልጣጩን አያድነውም። ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፣ ቫይታሚን ሲውም ይጎዳል። ሽሮፑ ወፍራም መሆኑ አያታልላችሁ፤ ያወፈረው ስኳሩና ፔክቲን የሚባለው ከልጣጩ የሚወጣ አጣባቂ ነገር ነው። ዋጋው ደግሞ ከጠብታው ይበልጣል። ለልጅቷም በግልጽ ነግሬያታለሁ።

አንድ ሌላ ቅሬታ አለኝ። ብልቃጡ ላይ «የደም ግፊት ያድናል» ይላል። ይህ ጽሑፍ ከብልቃጡ ላይ መነሳት አለበት። ሄስፔሪዲን ዲዮስሚን ከሚባል ተቀራራቢ ንጥረ ነገር ጋር ሆኖ ለደም ሥር ችግር በክኒን መልክ ይሰጣል፤ እሱ ግን ተመዝኖ የተዘጋጀ መድኃኒት ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን ክኒን ትታችሁ ጠብታ እንዳትይዙ።

ልጅቷ ድብልቁን ለማሻሻል ሌት ተቀን ትለፋለች። አንድ ጊዜ ሙቀቱን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ የአልኮሉን መጠን ብቻ ትቀያይራለች። ነገር ግን በአንድ የአልኮል መጠን የተሻለው ሙቀት በሌላው ላይሠራ ይችላል። ቦክስና ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳዩት መንገድ ሙቀትን፣ ጊዜንና መጠንን አንድ ላይ በታሰበበት ቅንጅት መሞከር ነው። ሙከራው ያንሳል፣ የሚገኘው መልስም ይበልጣል። ወረቀት ላይ ሠርቼ ሰጥቻታለሁ። ውጤቱን በምላስ ብቻ መለካት ግን አይበቃም። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ናሙናውን ወስደው ቢለኩላት ምንኛ ደስ ባለኝ!

እኔ ጠብታውን ከእራት በኋላ ትንሽ በረድ ያለ ሻይ ላይ ጠብ አደርገዋለሁ። መራራ ነው፣ ሽታው ግን ቤቱን ያውደዋል። አልኮል ስላለበት ለልጆችና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። አልኮል የማይቀምስ ሰው ዱቄቱን ይግዛ፤ ገንፎ ላይም ዳቦ ሊጥ ውስጥም ይገባል። 50 ሚሊ ሊትሩ ጠብታ 180 ብር ነው፤ ባዶ ብልቃጥ ለመለሰ 20 ብር ትቀንሳለች። በጥቂት በጥቂቱ ስለምታዘጋጀው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አታገኙትም። በጠዋት ሂዱ።