ስታር ዋርስ፣ ሄሎ ወይስ ዋርሃመር፦ ገንዘባችሁን የትኛው ልቦለድ ላይ ታውሉ?

ከፊልምና ከጌም ዓለም ከወጡ ሳይንሳዊ ልቦለዶች የቱን እንግዛ እያሉ ጓደኞቼ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ሰሞኑን ያነበብኳቸውን ላነጻጽር። ምርጫዬን አልደብቅም፦ የቲሞቲ ዛንን የስታር ዋርስ ሦስት መጻሕፍት ግዙ።

ዋናው ነገር ዋጋ ነው። «ኤር ቱ ዚ ኢምፓየር» እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ፤ ሁለቱ ተከታዮቹ በ1992 እና በ1993። የሦስቱን ዋጋ ከከፈላችሁ ታሪኩ እዚያው ያልቃል፣ አራተኛ ግዙ የሚላችሁ የለም። ደጋግመው ስለታተሙ ያገለገለ ቅጂ አይጠፋም። የስታር ዋርስ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሉካስፊልም በ2014 የቀድሞዎቹን ልቦለዶች «ሌጀንድስ» ብሎ ከይፋዊው ታሪክ ለይቷቸዋል፤ በዚህ ምክንያት የሚተዋቸው ሰው ቢኖር በጣም ያሳዝነኛል። የሦስቱ መጻሕፍት ባላንጣ አድሚራል ስሮን ጠላቱን ከመውጋቱ በፊት የሕዝቡን ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ተቀምጦ ያጠናል፣ ድክመታቸውንም ከዚያ ያነባል። እንዲህ ያለ ባላንጣ በፊልሞቹ ውስጥ አላየሁም።

የኤሪክ ናይሉንድ «ዘ ፎል ኦፍ ሪች» የሄሎ ጌም መቅድም ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለሚገዛ ከሁሉም ይረክሳል። በስድስት ዓመታቸው ታፍነው ወታደር የሚደረጉት ሕፃናት ታሪክ አንጀት ይበላል፤ የጠፈር ውጊያው ግን ያሰለቻል። የ2001ዱን እትም ትታችሁ፣ እርማት ተደርጎበት በ2010 የወጣውን ፈልጉ።

በጠረጴዛ ላይ በአሻንጉሊት ጦር ከሚጫወቱት ጌም የወጣው ዋርሃመር ላይ ነው ኪስ የሚራቆተው። የዳን አብኔት «ሆረስ ራይዚንግ» ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን የ54 ቅጽ መጀመሪያ ነው! ከገበያ የጠፋውን ቅጽ መልሰው የሚሸጡ ሰዎች ከሽፋን ዋጋው እጥፍ ድርብ ይጠይቁበታል። አስመሳይ ኮፒም የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። አንድ ሻጭ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ የሰጠኝ ፊደሉ የደበዘዘ፣ የመስመሩ ጫፍ ጥራዙ ውስጥ የተዋጠ፣ መሃል ላይ ገጽ የጎደለው ነበር። ገና ስገልጠው ሙጫው ተሰነጠቀ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የመሃል ገጾችን ፎቶ ጠይቁ፤ የሽፋን ፎቶ ብቻ የሚልክ ሻጭ ይቅርባችሁ።

ያገለገለ መጽሐፍ ገጹ ከረገፈ በፕላስተር አትለጥፉት፤ ፕላስተር ውሎ አድሮ ይቢጫል፣ ሲላቀቅም ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ነጭ ሙጫ በቀጭን ብሩሽ ጥራዙ ላይ ስሱ አድርጋችሁ ቀቡና ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። ገጽ ለጎደለው ኮፒ ግን ጥገና የለውም።

ዋርሃመር ካልሆነ የሚል ሰው ከ«ሆረስ ራይዚንግ» ቀጥሎ «ፎልስ ጎድስ»ን እና «ጋላክሲ ኢን ፍሌምስ»ን ይጨምር። የጦር አዛዡ ሆረስ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ያነሳው አመፅ አጀማመር በእነዚህ ሦስቱ ይጠቃለላል፤ አራተኛውን ሳይገዛ ማቆም ይችላል። ወረቀቱ ከተወደደበት ደግሞ ኢ-ቡኩን ይውሰድ።