ልጄን ጎንበስ ብለው ላዩልኝ ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤታቸው አንዲት ክፍል ልጆችን ተቀብለው ለሚያዩ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለማለት ነው።

አሁን 6 ዓመት የሆነው ልጄ በ4 ዓመቱ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ የሱቆችን ማስታወቂያ ያነብ ነበር፤ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ግን በአንድ መንፈቅ ዓመት 5 ጊዜ ተጠርቼ «ረባሽ ነው፣ መምህር ያቋርጣል፣ ደብተሩ ባዶ ነው» ተብያለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ከፍለን ስንገባ፣ ልጁን ቀና ብሎ እንኳ ያላየ ሰው 10 ደቂቃ ሳይሞላ «ቅብጠት ነው፣ ቆንጠጥ አድርጉት» ብሎ ሸኘን። እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ቆንጥጬዋለሁ።

እኚህ ሴት ዘንድ በሄድን ቀን ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም ሲል፣ እርሳቸውም ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። «ባቡሩ ሐረር ሊሄድ ነበር አይደል? ለምን እዚህ ቀረ?» አላቸው፤ እኔ ስንት ጊዜ «አቦ ዝም በል» ያልኩበትን ጥያቄ ነው። እርሳቸው ነጠላቸውን አጨማደው ተራራ ሠሩና የጠርሙስ ክዳን ሰጥተው «እስቲ አውጣው» አሉት። ክዳኑ እየተንከባለለ ሦስት ጊዜ ወረደበት። ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ እንደምትል ሲነግሩት «እንግዲያው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ የደረሰው፣ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በዳገቱ ምክንያት ነው!» እያለ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉለትን መመዘኛ ስሙንም አልያዝኩት። የገባኝ፣ ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ የግድ አንደኛ የሚወጣ አለመሆኑ፣ እንዲያውም የሚያውቀው ሲደጋገምበት ሰልችቶት ሊያስቸግር እንደሚችል፣ ከእኩዮቹ ይልቅ ከአዋቂ ጋር ማውራት ሊመርጥ፣ የሳለው ሥዕል እንዳሰበው ካልሆነለት ቀዶ ሊያለቅስ እንደሚችል ነው። «አእምሮው ቀድሟል፤ እጁና ሆዱ ግን ገና የ6 ዓመት ልጅ ናቸው» አሉኝ፤ ስለ አየር ግፊት የሚጠይቀኝ ልጅ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ያቃተው ለምን እንደሆነ ያኔ ተረዳሁ። ለመምህሩ በእጃቸው የጻፉለት አንድ ገጽ ደብዳቤም ልጄን ከኋላ ወንበር አስነሥቶታል።

«ረባሽ» የተባለ ልጅ ያላችሁ የድሬዳዋና የሐረር ወላጆች፣ ከመቆንጠጣችሁ በፊት እባካችሁ እርሳቸው ዘንድ ውሰዱት። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ እነግራለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ልጆቹን ያደክማቸዋል።