ባለ ቀይ ጆሮዋ ወይስ የአውሮፓዋ የኩሬ ኤሊ?

ሁለቱም ግንድ ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጠቡም እዚያው ግንድ ላይ ነው።

ባለ ቀይ ጆሮዋ (የሚታይ ጆሮ እንኳ የላትም፤ ከዓይኗ ኋላ ያለ ቀይ መስመር ነው) የአሜሪካው የሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ልጅ ናት። ስትፈለፈል የአንድ ብር ሳንቲም ታህላለች፤ ስታድግ ሳህን ታክላለች። ያኔ ቤት ውስጥ ያለው ገንዳዋ ይጠባትና አውሮፓዊ ባለቤቷ ወስዶ ኩሬ ውስጥ ጣል ያደርጋታል።

የአውሮፓዋ አነስ ትላለች። ጥቁር ልብሷ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የተረጨባት ቆንጆ ናት። ለእንቁላል እስክትደርስ ግን ብዙ ዓመት ይፈጅባታል። ግፊያ ሲነሳ ከግንዱ የምትወርደውም እሷ ናት።

የአውሮፓ ኅብረት አሜሪካዊቷ እንዳትገባ እ.ኤ.አ. በ1997 ከለከለ፤ በ2016 ደግሞ ከወራሪዎች መዝገብ አስገባት። እኔ ለባለአገሯ አደላለሁ። እንግዳዋን ቤት ያሳደጋችሁ ግን እባካችሁ እዚያው አቆዩዋት፤ 30 ዓመት ልትኖር ትችላለችና ታገሱ።