አንድ ስራ ሁለት ቦርድ ላይ፦ ሲንክ ማድረጊያ ልግዛ ወይስ አሳና ይበቃኛል?

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው "ሁለቱ ቦርዶቼ በራሳቸው ሲንክ እንዲሆኑ የቱን ልግዛ?" ብሎ ጠየቀኝ (ቦርድ ማለት ስራዎች በካርድ የሚያዙበት ሰሌዳ ነው፣ ሲንክ ደሞ አንዱ ላይ የተቀየረው ሌላውም ላይ እንዲቀየር ማድረግ)፣ ለሁሉም ቮይስ ከምልክ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ሁለቱም ቦርድ አንድ ሶፍትዌር ውስጥ ካሉ ሲንክ ማድረጊያ የሚባል ነገር አትግዙ። አሳና (የቡድን ስራ መከታተያ ሶፍትዌር ነው) ላይ አንዱን ታስክ፣ ማለትም አንዱን ስራ፣ ሁለት ፕሮጀክት (ቦርድ በሉት) ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ ነጻው ፕላን ላይም ጭምር። እኔ የምመርጠው እሱን ነው፣ የመረጥኩበት ምክንያት ደሞ ብዙ ገንዘብ አስከፍሎኛል።

እኛ ስድስት ነን፣ ዲዛይንና ህትመት ነው የምንሰራው። አንዱ ቦርድ የትእዛዝ ነው፣ ደንበኛ የምትቀበለው ልጅ ትይዘዋለች፣ ሌላው የማተሚያ ቤቱ ነው። መጀመሪያ የገዛነው አንድ ትንሽ አድኦን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ነበር፣ በወር 8 ዶላር፣ ሁለቱን ቦርድ በሁለቱም አቅጣጫ ያመሳስላል የሚል። ሁለት ወር ጥሩ ሰራ። ከዛ ጥር ላይ፣ ሰርግ በሰርግ በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ደንበኛ ደውለው የሰርጉን ቀን ከጥር 10 ወደ ጥር 17 አዛወሩት፣ ልጅቷ ወዲያው የሷ ቦርድ ላይ አስተካከለች፣ ማተሚያው ቦርድ ላይ ግን ካርዱ ጥር 10 እንዳለ ቀረ። 400 የጥሪ ካርድ፣ ወርቃማ ፎይል የተመታበት፣ በተሳሳተ ቀን ታተመ። ስናጣራ አድኦኑን በራሱ አካውንት ያገናኘው ልጅ ስራ ሲለቅ ከቦርዱ አስወጥተነው ነበር፣ በዛው ግንኙነቱ ተቋርጧል፣ ኢሜይል አልመጣ፣ ማስጠንቀቂያ አልመጣ፣ ዝም። ደንበኛውን ቢሯቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀን በራሳችን ወጪ ደግመን አተምን።

ሲንክ የሚባለው ነገር በአብዛኛው ኮፒ ነው። ሁለት ካርድ አለ፣ መሀላቸው አንዱን አይቶ ሌላውን የሚያስተካክል ፕሮግራም አለ፣ ያ ፕሮግራም የቆመ ቀን ሁለቱም ካርድ ትክክለኛ ይመስላሉ። አሳና ላይ ግን ኮፒ የለም። ታስኩን ከፍታችሁ ሁለተኛውን ፕሮጀክት ትጨምራላችሁ (ኪቦርዱ ላይ Tab እና Pን አንድ ላይ መጫን ነው)፣ ከዛ ያው አንድ ታስክ ሁለቱም ጋር ይታያል። ቀኑ፣ መግለጫው፣ ፋይሉ፣ ኮሜንቱ አንድ ነው። ሴክሽኑ (ስራው የሚቀመጥበት ረድፍ) ግን ለየፕሮጀክቱ የራሱ ስለሆነ ትእዛዝ ላይ "ቅድሚያ ተከፍሏል" ስር ያለው ስራ ማተሚያው ላይ "ፕሌት ወጥቷል" ስር ሊቀመጥ ይችላል። እኛ የምንፈልገው በትክክል ይሄን ነበር።

ትሬሎን (እንደ አሳና ሌላ የስራ መከታተያ ነው) መልቀቅ ለማትፈልጉ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በትለር ነው፣ ያዘዛችሁትን በራሱ የሚሰራ፣ ድሮ ለብቻው የነበረ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የትሬሎ ባለቤት አትላሲያን ገዝቶ ትሬሎ ውስጥ አስገባው። "ካርድ እዚህ ሊስት ውስጥ ሲገባ እዛኛው ቦርድ ላይ ኮፒ አርገህ ሁለቱን አያይዝ" ማለት ትችላላችሁ፣ ግን ኮፒ ካረገ በኋላ የምትቀይሩት ነገር ሌላ ሩል ካልጻፋችሁለት በቀር ተከትሎ አይሄድም። ነጻው ፕላን ላይ ደሞ በወር 250 ጊዜ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ለወርክስፔሱ (ቦርዶቻችሁ ሁሉ ላሉበት የጋራ ቦታ) በሙሉ፣ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 8 ነው፣ ስድስት ሰው ያለበት ቤት ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ሌላው ሚረር ካርድ ነው፣ እሱ ጥሩ ነው፣ እንደ አሳናው አንዱን ካርድ ሌላ ቦርድ ላይ ያሳያል፣ ግን ስታንዳርድ ፕላን ይፈልጋል፣ እኔ ሳየው ዓመቱን አንዴ ስትከፍሉ በሰው በወር 5 ዶላር፣ በየወሩ ከሆነ 6 ነው። ዶላሩን በ150 ብር እናስላው፦ ስድስት ሰው፣ በየወሩ፣ 36 ዶላር፣ 5,400 ብር። ዓመቱን አንዴ ከሆነ 360 ዶላር፣ 54,000 ብር በአንድ ጊዜ። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ ከመንሳፈፉ በፊት ባንክ ላይ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ስለነበር ይቺ 36 ዶላር 2,000 ብር አካባቢ ነበረች፣ ድሮ "ርካሽ ነው" ያላችሁ ሰው ካለ በዛ ሂሳብ ነው የነገራችሁ።

አንድ ጓደኛዬ "ታዲያ ቴሌግራም ላይ የትሬሎ ፕሪሚየም አካውንት በ1,500 ብር ለዓመት ይሸጣሉ'ኮ" አለኝ። ወንድሜ፣ እሱንም ሞክረነዋል። ወርክስፔሱ የሻጩ ነው፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጠዋት ስንገባ ቦርዱ የለም፣ ሻጩም የለም፣ የ40 ደንበኛ ስራ ውስጡ ነበር። ከቻላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይክፈልላችሁና ብሩን እዚህ ለቤተሰቡ ስጡ፣ ወርክስፔሱ ግን በናንተ ኢሜይል ይከፈት።

ሁለቱ ቦርዶች የተለያየ ሶፍትዌር ላይ ከሆኑ፣ ለምሳሌ አሜሪካ ያለው አሰሪያችሁ ጂራ ይዞ እናንተ ትሬሎ ከሆናችሁ፣ ያኔ የግድ ማገናኛ ያስፈልጋል። ዛፒየር ለመግጠም በጣም ቀላሉ ነው፣ ግን ነጻው በወር 100 ታስክ ነው (ታስክ እዚህ ጋር ማገናኛው የሚሰራው አንድ እርምጃ ነው)፣ በቀን 3፣ ከዛ በኋላ ያለው በየወሩ ሲከፈል 29.99 ዶላር ነው፣ 4,500 ብር ገደማ። ሜክ የሚባለው ማገናኛ ነጻው በወር 1,000 ኦፕሬሽን ነው (አሁን ክሬዲት ይሉታል)፣ ብዙ ይመስላል፣ ግን ተጠንቀቁ፦ ቦርዱን በየጊዜው እየሄደ የሚያይ ዓይነት ትሪገር (ስራውን የሚያስጀምረው ክፍል) ከተጠቀማችሁ ምንም አዲስ ነገር ባያገኝም አንድ ይቆጥራል። በየ15 ደቂቃው ካያችሁ በቀን 96፣ በወር 2,880። አንድም ካርድ ሳይንቀሳቀስ ነጻው በ11 ቀን ያልቃል። ዌብሁክ (ለውጥ ሲኖር ሶፍትዌሩ ራሱ የሚልከው መልእክት) የሚቀበለውን ትሪገር ምረጡ፣ እሱ ለውጥ ሲኖር ብቻ ነው የሚቆጥረው።

እኔ ለዚህ ኤን ኤይት ኤን (n8n) የሚባለውን ማገናኛ ነው የምለው፣ በርሊን የተሰራ ነው፣ የራሳችሁ ሰርቨር ላይ ስትጭኑት በስራ ብዛት አያስከፍልም፣ በወር 5 ዶላር የሚከራይ ትንሽ ሰርቨር ይበቃዋል፣ 750 ብር። ቢሮ ያለ ኮምፒውተር ላይ ግን አትጫኑት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሲንኩም አብሮ ይሄዳል። ዶከር (ሰርቨር ላይ ፕሮግራም የሚጫንበት መሳሪያ) የማያስፈራው አንድ ሰው ከሌላችሁ ደሞ ሜክ ላይ ቆዩ።

የትኛውንም ብትመርጡ በሁለቱም አቅጣጫ ስታገናኙ ለማገናኛው ለብቻው አካውንት ክፈቱለት፣ የሰራተኛ አካውንት አትስጡት። አንደኛ ሰው ሲለቅ አይቆምም። ሁለተኛ "ለውጡን ያደረገው ይሄ አካውንት ከሆነ ተወው" የሚል ፊልተር ታስገባላችሁ። ካላስገባችሁ ሀ ለን ይቀይራል፣ ለ ተመልሶ ሀን ይቀይራል፣ ማቆሚያ የለውም፣ እኛ ቅዳሜ ለሊት አንዷ "ባነር 3 በ2" የምትል ካርድ 212 ሆና አድራ ነበር።

አሳና ላይ የማልወደው ነገር አለ። ነጻው የሰው ቁጥር ገደብ ስላለው መጀመሪያ ራሳችሁን ቁጠሩ፣ ካለፋችሁ ስታርተር የሚባለው ፕላን በዓመት ክፍያ በሰው በወር 10.99 ዶላር ነው፣ ለስድስት ሰው በወር ወደ 9,900 ብር፣ ያኔ የትሬሎ ሚረር ይሻላችኋል። ሌላው፣ ታስኩን ደንበኛ የሚያየው ፕሮጀክት ውስጥ ካስገባችሁት ደንበኛው የታስኩን ኮሜንት በሙሉ ያነባል፣ ትሬሎ ላይ ግን ዋናው ቦርድ ላይ የሌለ ሰው የሚረሩን ውስጥ አያይም። ስለዚህ ስለ ዋጋና ስለ ትርፍ የምናወራው ደንበኛው ጋር ያልተጨመረ ሌላ ታስክ ላይ ነው፣ ስሙን "የውስጥ" ብለን እንጀምረዋለን።