ዓለም አቀፍ የአካባቢ አስተዳደርን ለማጥናት የተሰጠኝ ግራንት፦ ከዓመት በላይ ከሠራሁበት በኋላ

ስለ ምርምር ግራንት የሚወራው አብዛኛው ነገር ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ ያለው ነው። ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል፣ በጀት እንዴት ይሠራል፣ ማመልከቻ መቼ ይዘጋል። ገንዘቡ እጅ ከገባ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን ብዙም አይነገርም። እኔ ዓለም አቀፍ የአካባቢ አስተዳደርን ለሚያጠኑ ሰዎች ከሚሰጥ አንድ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ድጋፍ አግኝቼ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ስሙን አልጠቅስም። የምለው ነገር በዚህ ዘርፍ ያሉ ብዙ መሰል ፋውንዴሽኖችን ስለሚመለከት ስሙ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ምን እንደማጠናበት ልንገራችሁ። ጥናቴ የባዝል ኮንቬንሽንን ይመለከታል። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኮንቬንሽኑ በ1989 ጸድቆ በ1992 ሥራ ላይ ዋለ። አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ተሻግሮ ሲጓዝ የሚቆጣጠር ስምምነት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ላኪው ሀገር አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ተቀባዩ በጽሑፍ ይስማማል፣ ካልተስማማ ጭነቱ አይነሳም። አባል ሀገራት ደግሞ ምን እንደላኩና ምን እንደተቀበሉ በየዓመቱ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ብዙዎቹ ግን አያቀርቡም፤ ከሚያቀርቡትም የሚያዘገዩ አሉ። የእኔ ጥያቄ ለምን የሚል ነው።

እንዲህ ላለው ጥያቄ ማን ይከፍላል? ቤተ ሙከራ የለውም። የሚለካ ጋዝ፣ የሚቆጠር ዝርያ የለውም። የተፈጥሮ ሳይንስን የሚደግፉ ተቋማት ይህ የእኛ አይደለም ይላሉ። የልማት ድርጅቶች ከጥናት ይልቅ ፕሮጀክት ይመርጣሉ። መንግሥታትም ቢሆኑ ያላስገቡትን ሪፖርት የሚያነሳባቸውን ሰው ለመደገፍ አይቸኩሉም። እዚህ ቦታ ላይ የበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሠራውን ሥራ ሌላ ገንዘብ አይሠራውም። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ጥያቄዬን እንዳሰፋ መፍቀዱን ነው። ፕሮፖዛሉ ያተኮረው በፖለቲካ ፍላጎት ላይ ነበር። ሀገራት ዝም የሚሉት የሚደብቁት ነገር ስላለ ነው ወይ የሚል። ቃለ መጠይቅ ስጀምር ግን ሌላ ነገር እየተደጋገመ መጣ። ባነጋገርኳቸው በብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች የባዝልን ጉዳይ የሚይዘው ተጠሪ (ፎካል ፐርሰን) አንድ ሰው ነው። ያው ሰው በ1998 የጸደቀውን የሮተርዳም (የአደገኛ ኬሚካሎች ንግድ)፣ የ2001ዱን የስቶክሆልም (ቶሎ የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎች)፣ የ2013ቱን የሚናማታ (ሜርኩሪ) ኮንቬንሽንም ደርቦ ይይዛል። ሁሉም የየራሳቸው ቅጽና የየራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው። መረጃው ደግሞ እሱ ጋ የለም፤ ጉምሩክ ጋ ነው። ጉምሩክ ዕቃ የሚመድብበት ኮድ እና ባዝል ቆሻሻ የሚመድብበት ዝርዝር አይገጣጠሙም። አንድ ኮንቴይነር ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ ተብሎ ኬላ ሊያልፍ ይችላል። ለባዝል ግን ዋናው ጉዳይ ዕቃው ገና ይሠራል ወይስ ቆሻሻ ሆኗል የሚለው ነው። ይህንን የሚመልስ ቅጽ ጉምሩክ ጋ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ለፋውንዴሽኑ ጻፍኩ። ለጉዞ ከተያዘው በጀት ቀንሼ ለቃለ መጠይቅና ለትርጉም ላውለው ጠየቅሁ። ያለ ብዙ ጣጣ ተፈቀደልኝ። ብዙ ድጋፍ ሰጪዎች እያንዳንዱን የበጀት መስመር ቆልፈው ነው የሚሰጡት። ይኼኛው ያመነኝ መሰለኝ። የጥናቱ ጥራትም ከዚያ በኋላ ተለወጠ።

ለአስተርጓሚ የሚከፈለውን ገንዘብ አቅልላችሁ አትዩት። በባዝል ጉባኤ ዋናው አዳራሽ ውስጥ ንግግሩ በስድስቱ የተባበሩት መንግሥታት ቋንቋዎች ይተረጎማል። ጽሑፉ አንቀጽ በአንቀጽ የሚታረምባቸው ትንንሽ ቡድኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚሠሩት። እንግሊዝኛ የማይቀናው ተደራዳሪ እዚያ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ሐሳቡን ግን ሙሉ በሙሉ አያወጣም። በራሱ ቋንቋ ስታነጋግሩት ሌላ ሰው ይሆናል። የትኛው ቃል ለምን እንደገባ፣ የትኛው ለምን እንደወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ በዝርዝር ያወራችኋል። ከጥናቴ ምርጥ የምላቸው ገጾች ከእነዚህ ንግግሮች የወጡ ናቸው።

ገንዘብ የማይገዛው ነገርም አለ። ለጉባኤ የአውሮፕላን ቲኬትና ሆቴል ይከፈልላችኋል፣ መግቢያ ባጅ ግን ግራንቱ ውስጥ የለም። ታዛቢ ሆኖ የሚመዘገበው ድርጅት ነው እንጂ ግለሰብ አይደለም። የአየር ንብረት ጉባኤዎችም እንደዚሁ ናቸው። የምትሠሩበት ተቋም የታዛቢነት እውቅና ከሌለው፣ ያለውን ተቋም ፈልጋችሁ በእሱ ስም መግባት አለባችሁ። ይህን ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ጨርሱት። ከገባችሁ በኋላም ቢሆን አንዳንድ የድርድር ክፍሎች ለታዛቢ ይዘጋሉ። ያኔ ኮሪደሩና የቡና ሰዓቱ የሥራ ቦታችሁ ይሆናሉ።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ጠይቄአለሁ። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያጠና ሰው ይህን መጠየቅ መብቱ ይመስለኛል። ብዙ ፋውንዴሽኖች ካፒታላቸውን ኢንቨስት አድርገው ከትርፉ ነው የሚሰጡት። ካፒታሉ ነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይጋጫል። ሀብቱ ከነዳጅ ዘይት የመነጨው የሮክፌለር ብራዘርስ ፈንድ ራሱ ከነዳጅ ኢንቨስትመንት እንደሚወጣ በ2014 አስታውቋል። የእኔም ፋውንዴሽን ስጠይቀው ሳይቆጣ የኢንቨስትመንት ፖሊሲውን ላከልኝ። ሌላው መታየት ያለበት የውሉ አንቀጽ ኅትመትን የሚመለከተው ነው። ውጤቱን ከማሳተሜ በፊት የእነሱን ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅብኝም። ውሉ ላይ ይህ ባይኖር አልፈርምም ነበር።

አሁን ወደ ድክመቱ። ነገሩ ወዲህ ነው። በየስድስት ወሩ የሚሞላ የሪፖርት ቅጽ አለ። ጥናቱ ምን ለውጥ አመጣ ብሎ ይጠይቃል። የትኛው ፖሊሲ ተቀየረ፣ የትኛው ባለሥልጣን ጠቀሰው፣ ስንት ጽሑፍ ወጣ። ቅጹን የሚያዘጋጁት ሰዎች በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እነሱም ለቦርዳቸው መልስ መስጠት አለባቸው። ግን የዚህ ዘርፍ ሰዓት እንደዚያ አይቆጥርም።

የባዝልን የእገዳ ማሻሻያ ተመልከቱ። ሀብታም ሀገራት አደገኛ ቆሻሻቸውን ወደ ሌሎች እንዳይልኩ የሚከለክል ነው። በ1995 በአባላቱ ጉባኤ ጸደቀ። ሥራ ላይ እንዲውል ግን ሦስት አራተኛ አባላት በየሀገራቸው ማጽደቅ ነበረባቸው። የማን ሦስት አራተኛ? ማሻሻያው ሲወሰን ከነበሩት ነው ወይስ ዛሬ ካሉት? አዳዲስ አባላት በተጨመሩ ቁጥር ሁለተኛው ስሌት ግቡን ያርቀዋል። ይህ ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በ2011 በኮሎምቢያዋ ካርታሄና በተደረገው ጉባኤ፣ ሲወሰን የነበሩት ይቆጠሩ ተብሎ ተፈታ። ማሻሻያው ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በዲሴምበር 2019 ነው። ከጸደቀ ከ24 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በመሃል በየስድስት ወሩ ምን ለውጥ መጣ ተብሎ የተጠየቀ ተመራማሪ ምን ይጽፍ ነበር?

ፈጥኗል ተብሎ የሚመሰገነው የኦዞን ጉዳይ እንኳ ጊዜ ወስዷል። ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉት ሳይንቲስቶች ክሎሮፍሎሮካርቦን (በማቀዝቀዣና በስፕሬይ ውስጥ ይገባ የነበረ ጋዝ) ኦዞንን እንደሚጎዳ የጻፉት በ1974 ነው። ኦዞንን ለመጠበቅ የቪየና ኮንቬንሽን በ1985፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል በ1987 መጣ። በፕሮቶኮሉ ላይ የተጨመረው የኪጋሊ ማሻሻያ ደግሞ የ2016 ነው። የምርምሩ ጥቅም ታየ፣ ግን በስድስት ወር አይደለም።

ይህ የቅጽ ጉዳይ ብቻ ቢሆን አላነሳውም ነበር። ቅጹ የምታጠኑትን ነገር ይመርጥላችኋል። ቶሎ ውጤት የሚያሳይ ርዕስ ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ ዜና የሆነው ድርድር ገንዘብ ያገኛል፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተፈረመው ስምምነት ይፈጸማል ወይስ አይፈጸምም የሚለው ይረሳል። የሰው ጤና ያለው ግን አፈጻጸሙ ላይ ነው።

ክፍያው በአጠቃላይ ደህና ነው። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ሂሳብ ከተወራረደ በኋላ መሆኑ ግን ቋሚ ደሞዝ የሌለውን ጀማሪ ተመራማሪ ይጎዳል። እያንዳንዷን ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ አስቀምጡ። ፋውንዴሽኑ ለተቋማት የሚከፍለው የአስተዳደር ወጪ አነስተኛ ስለሆነ፣ ያላችሁበት ተቋም ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለማን ይሆናል ካላችሁኝ፣ ጥያቄው ግልጽ ለሆነለትና ብቻውን ወይም በትንሽ ቡድን ለሚሠራ ሰው በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሠራተኛ ለሚቀጥር ትልቅ ፕሮጀክት ግን አይበቃም።

ለሁለተኛ ዙር አመልክቻለሁ። የጠየቅሁት ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የጊዜውን ርዝመት ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አደገኛ የሆነውም ያልሆነውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በሙሉ በባዝል የቅድሚያ ስምምነት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ሀገራት የዚያን ዓመት ሪፖርት የሚያስገቡት እስከ 2026 መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ያዘገዩትን መጠበቅ፣ ያላስገቡትን ማነጋገር አለ። ግራንቱ ከዚያ በፊት ከተዘጋ አዲሱ ደንብ መሥራት አለመሥራቱን የሚያሳየው የመጀመሪያው መረጃ ሲመጣ የሚያነበው ሰው አይኖርም። በማመልከቻው ላይ ይህንኑ ጽፌላቸዋለሁ።