ለልጅ የእግር ጉዞ ቦርሳ፦ አዲስ ከሱቅ ወይስ ሰልቫጅ?

ሰሞኑን አራት ጓደኞቼ ደውለው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጁን ዘጌ ልወስደው ነው፤ ምን ዓይነት ቦርሳ ልግዛለት?» ለሁሉም የመለስኩት አንድ ነው፤ ሰልቫጅ፣ ማለትም ከውጭ የመጣ ያገለገለ ቦርሳ ግዙ። ምክንያቱ ግን በስልክ አያልቅም።

አምና መስከረም ላይ የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ጢስ ዓባይ ሄድኩ። ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየው ክረምቱ እንደወጣ ነው፤ መንገዱም ገና ጭቃ ነው። ለጉዞው ብዬ ከአንድ ሱቅ አዲስ ቦርሳ ገዛሁለት። ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፊቱ ላይ የታወቀ ፋብሪካ ምልክት ያለበት። «1,900 ነው፤ ኦርጅናል ነው እህቴ» አለኝ ሻጩ። ተከራክሬ ተከራክሬ በ1,650 ወሰድኩት።

የድሮውን የፖርቱጋል ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን የግራው ማንጠልጠያ ከሥሩ ተገነጠለ። ውስጡ አንድ ሊትር ውሃ፣ ሹራብና ዳቦ ብቻ ነበር። ቦርሳው ጭቃው ላይ ተዘረረ፤ ልጄ ዕንባው መጣ። የቀረውን መንገድ ቦርሳውን ያዘልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሰፈራችን ላሉት ጫማ ሰፊ ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩትና በጣታቸው አሳዩኝ። ጨርቁ እስከ ስፌቱ ጥግ ተቆርጧል፤ ከስፌቱ ወዲህ የተረፈው ዳር የስንዴ ፍሬ አያህልም። «ልጄ፣ ክሩ ምኑን ይያዝ? ጨርቅ አልተዉለትም እኮ» አሉኝ። 150 ብር ከፈልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ዚፑ አልገጥም አለ፤ ማስቀየሪያ 300። ሳጥበው ደግሞ ጀርባው ውስጥ ያለው መደገፊያ ካርቶን ኖሯል፤ እንደ ገንፎ ሆነ። ከዚያ የቀኙ ማንጠልጠያ፣ 100 ብር። ድምሩ 2,200 ብር መጣ። በአምስተኛው ወር ጣልኩት።

ሰልቫጁን ያገኘሁት ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። 1,400 ተባልኩ፣ በ900 ገዛሁ። የዚፕ ራስ 80፣ አንድ ዘለበት 50፤ በጠቅላላው 1,030 ብር። ማንጠልጠያው ሥር ላይ ጥቅጥቅ ያለ የዚግዛግ ስፌት አለው፤ ጎትቼ ጎትቼ ንቅንቅ አላለም። የደረት ማሰሪያው ዘለበት ላይ ትንሽ ፊሽካ አለች። ውስጡ በተሰፋው ጨርቅ ላይ የሌላ አገር ልጅ ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ልጄ ከሥሩ የራሱን ጻፈበት። ዘጌ ሁለት ጊዜ፣ ቤዛዊት ኮረብታ ደግሞ ስንቴ እንደወጣንበት አልቆጠርኩትም። እስካሁን ለጥገና ሌላ አምስት ሳንቲም አላወጣሁበትም።

ከሸራ የተሰፋ ቦርሳም አለ፤ ልብስ ሰፊ ጋ 1,200 ብር ጠይቀውኛል። ጠንካራ ነው፤ አይቀደድም። ግን ባዶውን ይከብዳል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። ለትልቅ ሰው እንጂ ለልጅ አልመክርም።

ሰልቫጅ ሁሉ ግን ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ እጃችሁን ውስጡ ክተቱ። ውስጡ እየተላጠ ነጭ ብናኝ ከለቀቀ ወይም እጅ ላይ ከተጣበቀ ተዉት። ውሃ የሚከለክለው ሽፋን አልቋል ማለት ነው። ዚፑን ጥግ ጥጉ ላይ አሥር ጊዜ አመላልሱት። የዚፕ ራስ ቢላላ ምንም አይደል፣ በርካሽ ይቀየራል፤ ጥርሱ ከረገፈ ግን ሙሉ ዚፕ ነው፣ ዋጋውን አይታችኋል። ዚፑ ላይ ዋይኬኬ (YKK) የሚል የታወቀ የዚፕ ፋብሪካ ስም ስላያችሁ ብቻ አትመኑ፤ እሱንም አስመስለው ይሠሩታል። የኔ የተጣለው ቦርሳም ነበረው።

ልኩን ያለ ልጁ አትግዙ። እኛ ለልጅ ስንገዛ «ያድግበታል» እንላለን። ለጫማ ይሁን፤ ለቦርሳ ግን አይሆንም። ልጁ አንገቱን ሲደፋ ከአንገቱ ሥር ጎልታ የምትወጣ አጥንት አለች። ማንጠልጠያው ከእሷ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀምር፤ የቦርሳው ቂጥ ደግሞ ዳሌው ላይ ይረፍ። መቀመጫው ላይ እየተንጠለጠለ የሚመታው ቦርሳ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ልጁም ለመመጣጠን ወደ ፊት ይጎብጣል። ለስምንት ዓመት ልጅ 12 ሊትር ገደማ የሚይዝ ይበቃል። ሸክሙ ከነቦርሳው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ አይብለጥ፤ 25 ኪሎ ልጅ ከሆነ ሁለት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ኪሎ ይወስዳል፤ ስለዚህ የቀረውን ውሃ እናንተ ያዙ።

የደረት ማሰሪያ የሌለውን በ300 ብር ቢሰጧችሁም እለፉት። ዘጌ ጀልባ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ልጁ ሁለት እጁ ነፃ መሆን አለበት። ማንጠልጠያው ከትከሻው እየወረደ በየደቂቃው የሚያስተካክል ልጅ ደግሞ በጫካው ድንጋያማ መንገድ ላይ እግሩን አያይም።

ቅዳሜ በጠዋት ሂዱ፣ ቦንዳ ሳይበረበር። ከረፋዱ በኋላ የሚቀረው የትልቅ ሰው ቦርሳ ነው። ቤት ስትደርሱ በቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ በረኪና እንዳይነካው። ዋጋው ከ1,000 ካለፈ ዞር በሉ፤ ሻጩ ሦስት እርምጃ ሳትሄዱ ይጠራችኋል። እኔን ጠርቶኛል።