«ሕጉ ቢለወጥ ገንዘቡ አይመለስም» የሚል ውል አትፈርሙ

ውጭ አገር የመኖሪያ ፈቃድ እናስገኛለን ከሚል ድርጅት ጋር ልትዋዋሉ ካሰባችሁ፣ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ አንቀጽ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ወደ ውሉ መጨረሻ፣ አንባቢ በሚደክምበት ቦታ ይወሸቃል። አጻጻፉ ከድርጅት ድርጅት ቢለያይም መልእክቱ አንድ ነው፤ የተቀባዩ አገር መንግሥት ሕጉን ወይም አሠራሩን ቢለውጥ ድርጅቱ ተጠያቂ አይሆንም፣ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም። ይህ አንቀጽ እያለ ክፍያውን በሙሉ ወይም አብዛኛውን አስቀድማችሁ እንድትከፍሉ ከተጠየቃችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ሕግ የሚለወጠው አልፎ አልፎ በነበረበት ዘመን ቢሆን ይህን ያህል አልጮህም ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ተቀባይ አገሮች መንገዶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠበቡ ነው፤ ለውጡን የሚያውቀው ሻጩ ነው፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ገዢው።

በቅርቡ ያነበብኩት ውል አንዲት ወዳጄ ልትፈርመው የነበረ ነው። የቀረበላት «ሙሉ ጥቅል» ይባላል። ብሪታንያ ውስጥ የአረጋውያን ተንከባካቢነት ሥራ፣ የቀጣሪ ስፖንሰርሺፕ፣ ቪዛ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ቋሚ መኖሪያ፣ በዚያ ላይ ባሏንና ልጆቿን ይዛ መሄድ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ነገ በሌላ ስም ይከፈታል፣ ውሉ ግን ያው ይሆናል።

እስቲ ይህን ተስፋ ከሕጉ ጋር አስተያዩት (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብሪታንያ በሯን ለተንከባካቢ ሠራተኞች የከፈተችው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። ከማርች 11 ቀን 2024 ጀምሮ በዚህ ሥራ አዲስ የሚያመለክቱ ሰዎች የትዳር ጓደኛና ልጆች ይዘው እንዳይገቡ ተከለከለ። በጁላይ 22 ቀን 2025 ደግሞ ከውጭ አገር አዲስ ተንከባካቢ መቅጠር ራሱ ቆመ። ውሉ ለወዳጄ የተሰጣት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሥራው መንገድ ተዘግቷል፤ የቤተሰቡ መንገድ ከዚያ ቀድሞ ተዘግቷል፤ «ከአምስት ዓመት በኋላ» የተባለው ቋሚ መኖሪያም ቢሆን፣ መንግሥት በሜይ 2025 ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ መደበኛው የቆይታ ጊዜ አሥር ዓመት እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበበት ነው። ከጥቅሉ ውስጥ ሳይነካ የቀረው የድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብቻ ነበር።

ይህን ስትጠይቃቸው መልስ አላጡም። «እህቴ፣ ያ ለአዲስ አመልካቾች ነው። አንቺን በጉብኝት ቪዛ እናስገባሻለን፣ እዚያ ስትደርሺ ይቀየራል» አሏት። የዚህ ዓይነቱ ውሸት አደገኛ የሚሆነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ቀድሞውኑ በሕጋዊ መንገድ ብሪታንያ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሰዎች እስከ ጁላይ 2028 ድረስ ወደ ተንከባካቢነት ቪዛ መቀየር የሚችሉበት የሽግግር ድንጋጌ በእርግጥ አለ። ነገር ግን ለዚያው ቀጣሪ ቢያንስ ሦስት ወር በሕጋዊ መንገድ ሠርተው መገኘት አለባቸው። ለጉብኝት የገባ ሰው ደግሞ መሥራትም ሆነ እዚያው ሆኖ ወደ ሥራ ቪዛ መቀየር አይፈቀድለትም። ወዳጄ በዚያ ምክር ብትሄድ ኖሮ የሚጠብቃት ያለ ፈቃድ መሥራት ነበር፤ የሚያዘው ሰው እርሷ እንጂ መካሪዋ አይደለም።

«ተንከባካቢነቱ ካልተሳካ በሌላ ሙያ እናስገባለን» የሚለው ማጽናኛም ቁጥሩ ሲታይ ይሟሟል። ለሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ የሚጠየቀው መደበኛ ዝቅተኛ ዓመታዊ ደመወዝ በኤፕሪል 2024 ከ26,200 ወደ 38,700 ፓውንድ፣ በጁላይ 2025 ደግሞ ወደ 41,700 ፓውንድ ወጥቷል። ሥራውም በአብዛኛው በዲግሪ ደረጃ የሚመደብ መሆን አለበት። ይህን የሚከፍል ቀጣሪ ሠራተኛውን በደላላ በኩል፣ ያለ ቃለ መጠይቅ፣ የሥራ ልምዱን እንኳ ሳያይ ይቀጥራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የካናዳው ሽያጭ መልኩ ይለያል፤ ግድፈቱ ግን ያው ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ከኦገስት 2020 ጀምሮ በጉብኝት የገባ ሰው ከካናዳ ሳይወጣ ለሥራ ፈቃድ እንዲያመለክት የሚፈቅድ ጊዜያዊ መመሪያ ነበር። እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ይቆያል ተብሎ ነበር። መንግሥት ግን ስድስት ወር ቀድሞ፣ ኦገስት 28 ቀን 2024፣ በዕለቱ አቋረጠው። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ሰዎች መመሪያውን ተጠቅመው የውጭ ዜጎችን እያሳሳቱ ያለ ፈቃድ እንዲሠሩ ማድረጋቸው ነው። «በጉብኝት ግቡ፣ እዚያ ይስተካከላል» የሚለው ንግግር ግን ከመመሪያው ጋር አልሞተም።

ከዚያ የባሰው የሥራ ቅጥር ወረቀት ሽያጭ ነው። የካናዳ ቀጣሪ የውጭ አገር ሠራተኛ ለማምጣት ብዙውን ጊዜ የሥራ ገበያ ተጽዕኖ ግምገማ የሚባል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በአጭሩ ኤልኤምአይኤ ይሉታል። ክፍያው ለአንድ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ሲሆን የሚከፍለውም ቀጣሪው ነው፤ ከሠራተኛው ላይ ማስመለስ ክልክል ነው። ገበያው ውስጥ ግን ወረቀቱ በብዙ እጥፍ ዋጋ ለሠራተኛው ይሸጥ ነበር፤ ምክንያቱም የሥራ ቅጥር ያለው አመልካች በኤክስፕረስ ኢንትሪ የቋሚ መኖሪያ ውድድር 50 ወይም 200 ተጨማሪ ነጥብ ያገኝ ነበር። መንግሥት ይህን የማጭበርበር ገበያ ለማድረቅ ሲል ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ ነጥቡን ጨርሶ አስቀረው። አስቡት፤ በማርች መጀመሪያ ወረቀቱን የገዛ ሰው በወሩ መጨረሻ በእጁ የቀረው ምንም ነጥብ የማይጨምርለት ወረቀት ነው። ሻጩ ግን «የሸጥኩህን ሰጥቼሃለሁ» ማለት ይችላል፤ በውሉ መሠረት እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እርሱም ቀን ነው። አዲስ ሕግ ሲወጣ የቀድሞው ሕግ የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻቸው ከተወሰነው ቀን በፊት መንግሥት ዘንድ የገባላቸውን ሰዎች ነው። እናንተ ለድርጅቱ የከፈላችሁበት ቀን፣ ውል የፈረማችሁበት ቀን፣ ፓስፖርታችሁን ያስረከባችሁበት ቀን በሕግ ፊት ምንም ናቸው። የወዳጄ ውል «የፋይል ዝግጅት ከ90 እስከ 120 የሥራ ቀናት ይወስዳል» ይላል። ዘጠና የሥራ ቀን ከአራት ወር በላይ ነው።

መንግሥታት ስንት ቀን ይሰጣሉ? ስፔን 500,000 ዩሮ ቤት ለሚገዙ ትሰጥ የነበረውን ወርቃማ ቪዛ ስታስቀር ደግ ከሚባሉት ተርታ ነበረች፤ ሕጉ ጃንዋሪ 3 ቀን 2025 ታትሞ ኤፕሪል 3 ሥራ ላይ ዋለ፣ ሦስት ወር መሆኑ ነው። የብሪታንያው የጁላይ 2025 ለውጥ ለፓርላማ የቀረበው በወሩ መጀመሪያ ቀን ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተግባራዊ ሆነ። ፖርቱጋል በቱሪስትነት ገብቶ ሥራ የጀመረና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ የከፈለ ሰው ለመኖሪያ ፈቃድ እንዲያመለክት የሚያስችለውን ዝነኛ መንገዷን በጁን 3 ቀን 2024 በወጣ አዋጅ ስትዘጋ የሰጠችው አንድ ሌሊት ነው። ብሪታንያ የባለሀብቶችን ቪዛ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2022 የዘጋችው ደግሞ ባስታወቀችበት ዕለት ነበር። እንግዲህ አስሉት፤ የድርጅቱ «ዝግጅት» ከሁሉም ይረዝማል። ድርጅቱ በፍጥነት መሥራት ቢችል እንኳ፣ ክፍያውን ከወሰደ በኋላ ለመፍጠን ምንም ምክንያት የለውም፤ ሕጉ ቢቀድመው የሚጎዳው እርሱ አይደለምና።

ስለ ቤት ገዢዎች በአጭሩ። «አፓርታማ ግዙ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ታገኛላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ቀኑን ተመልከቱ። ፖርቱጋል ቤት መግዛትን ከወርቃማ ቪዛዋ ያወጣችው በኦክቶበር 2023 ነው። ግሪክ በሴፕቴምበር 2024 አቴንስና ተሰሎንቄን በመሳሰሉ ተፈላጊ ቦታዎች መነሻውን ወደ 800,000 ዩሮ፣ በሌሎች ቦታዎች ወደ 400,000 ዩሮ አደረገች፤ የድሮው 250,000 የቀረው እንደ ንግድ ቤትን ወደ መኖሪያ መለወጥ ላሉ ውስን ግዢዎች ነው። አሮጌው ቁጥር ግን በሻጮች ወረቀት ላይ ያለ ምንም ማብራሪያ ሲዞር ይታያል።

ወደ ውሉ ልመለስ፤ ሌሎች ወጥመዶችም አሉበት። የድርጅቱ ግዴታ በቃል «ቪዛ ማስገኘት» ነው፣ በጽሁፍ ግን «የማማከር አገልግሎት መስጠት»። ገንዘብ የሚመለሰው ኤምባሲው የእምቢታ ደብዳቤ ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ማመልከቻው ጨርሶ ካልገባ ታዲያ የእምቢታ ደብዳቤ ከየት ይመጣል? ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጸሐፊውን አደነቅሁት። ሌላው አንቀጽ ድርጅቱ «እንደ አስፈላጊነቱ ተመጣጣኝ አማራጭ አገር» የመምረጥ መብት ይሰጠዋል። ለብሪታንያ ከፍላችሁ ወደማታውቁት አገር የሚያስኬድ ወረቀት ቢያቀርቡላችሁና «አልፈልግም» ብትሉ፣ ውሉን ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ። ደረሰኙም የሚቆረጠው «ለሥልጠና» በሚል ነው።

ወዳጄ አንድ መስመር እንዲጨመርላት ጠየቀች፦ «ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሕጉ ተለውጦ አመልካቿን ብቁ ካላደረጋት፣ ለመንግሥት ከተከፈለው በቀር ቀሪው ይመለሳል።» እምቢ አሉ። በምትኩ ያቀረቡላት ቅናሽ ነው፤ ያውም እስከ ዓርብ ብቻ። የመንገዱ መጥበብ ለሻጩ ምርጥ ማስታወቂያ ሆኖለታል፤ «በሩ ሳይዘጋ ፍጠኑ» ማለት ቀላል ነው፣ በተለይ በሩ ተዘግቶ ሲያበቃ።

ያቺን መስመር እናንተም ጠይቁ። ሐቀኛ የሆነ አማካሪ በደረጃ ያስከፍላል፤ ጥቂት ለሰነድ ምርመራ፣ ጥቂት ማመልከቻው ገብቶ ቁጥሩ ሲሰጣችሁ፣ የቀረውን ከውሳኔው በኋላ። የመንግሥትን ክፍያ ለብቻው ይጽፋል፣ ቢቻል ራሳችሁ በካርዳችሁ እንድትከፍሉ ያደርጋል። ፈቃድ ያለው መሆኑንም በነጻ ማጣራት ይቻላል። ብሪታንያ ውስጥ ያለ ምዝገባ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው፤ ከጠበቆች ውጭ ያሉት አማካሪዎች በኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን ዝርዝር ላይ ይገኛሉ። የስፖንሰር ፈቃድ ያላቸው ቀጣሪዎች መዝገብም ለሕዝብ ክፍት ነው። ቀጣሪው መዝገቡ ላይ ከሌለ ወሬው እዚያው ያበቃል፤ ካለም ቀጥታ ለቀጣሪው ጻፉለት፣ የድርጅቶችን ስም እየሰረቁ ሐሰተኛ ደብዳቤ የሚያዘጋጁ አሉና። ካናዳ ደግሞ ክፍያ የሚቀበል ወኪል ጠበቃ ወይም የኢሚግሬሽን አማካሪዎችን በሚቆጣጠረው ኮሌጅ በሚባል ተቋም የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ስሙም በማመልከቻው ላይ መገለጽ አለበት። «የእኛ ስም ባይገባ ይሻላል፣ ራስህ እንዳመለከትክ ይሁን» የሚላችሁ ሰው ከተጠያቂነት እየሸሸ ነው። በማመልከቻው ውስጥ ሐሰተኛ የሥራ ልምድ ወይም የባንክ ወረቀት ቢገኝ የአምስት ዓመት እገዳ የሚጣለው በአመልካቹ ላይ ነው፤ «ወኪሌ ነው የሞላው» ማለት አያድንም።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ በስልክ መጨቃጨቁን ተዉና በጽሁፍ ጠይቁ። ማመልከቻው ገብቷል ወይ፣ መቼ፣ ቁጥሩ ስንት ነው፣ የመንግሥት ክፍያ ደረሰኝ የታለ፣ በስሜ የገባው ሰነድ ሙሉ ቅጂ ይሰጠኝ። ለጥያቄው የሚሰጣችሁ መልስ፣ ወይም ዝምታው፣ ለክስ ማስረጃ ነው። በካርድ ከከፈላችሁ ለባንካችሁ ክፍያውን እንደምትቃወሙ ወዲያው አሳውቁ፤ የጊዜ ገደብ አለው። ፓስፖርታችሁ እነርሱ ዘንድ ካለ ከገንዘቡ በፊት እርሱን አስመልሱ። ፓስፖርት የሰጣችሁ መንግሥት ንብረት ነው፣ አንድ የግል ድርጅት በክፍያ ጭቅጭቅ ምክንያት መያዣ ሊያደርገው አይችልም። አልሰጥም ካሉ አቤቱታውን ለፖሊስ በጽሁፍ አስመዝግቡና ቁጥሩን ያዙ።